የቶርኖው ፍቅፋቂ ደፍ እንዳይሻገር

ዓመት በዓል ነበር። ሳሎኑ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ የእህቴ ትንሽ ልጅ በባዶ እግሯ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ድንገት ቆመች። አላለቀሰችም፤ እግሯን አንሥታ ተረከዟን አየች። የተሰካባት የጥፍር ቁራጭ የምታህል፣ ጠምዘዝ ያለች፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ያላት የብረት ፍቅፋቂ ነበረች። ከግቢው ጥግ ካለው ሰርቪስ ቤት፣ ከእኔ ቶርኖ ሥር ተነሥታ፣ በጫማዬ ሶል ተሳፍራ መጥታ ቄጤማው ውስጥ ተሸሽጋለች። እናቴ ምንም አላለችኝም። ወረንጦውን አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፍቅፋቂ ለእኔ የማታ ሥራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ይከመራል፣ ሲመሽ ይጠረጋል። አሁን የማምነው ሌላ ነው። መጥረጊያ ሲነሣ ነገሩ አብቅቷል፤ የተወሰነው ሐዲዱ ሥር ገብቷል፣ የተወሰነው ልብስ ላይ ወጥቷል፣ የተወሰነው እንደዚያች ሰማያዊ ቁራጭ መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጀምረው ከስለቱ ጫፍ ነው። ፍቅፋቂው ከሚወለድበት ቦታ ተነሥተን፣ እግር በእግር እየተከተልነው እስከ ቁራሌው ሚዛን እንሄዳለን። የጻፍኩት በግቢያቸው አንዲት ትንሽ ቶርኖ፣ አንድ ትራፓኖ፣ አንድ ግራይንደርና አንድ ሞርሳ ይዘው ከቤተሰብ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ነው።

ከመቁረጥዎ በፊት

በእጅዎ ያለው ብረት ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሚወልድ አስቀድመው ይወቁ። ለስላሳው ተራ ብረት ረጅም ክር ይፈትላል። ጊዛ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ናስ መርፌ የመሰለ ስባሪ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይረጫል። አሉሚኒየም ሲግል ስለቱ ላይ ይለጠፋል፤ ጥቂት ጠብታ ነጭ ጋዝ ቢያገኝ ግን በደንብ ይላቀቃል። ስቴንለስ ደግሞ ክሩ ከሁሉም የጠነከረ፣ ለመበጠስ እምቢ የሚል ነው።

አደገኛው ክሩ ነው። አንድ ሒሳብ እንሥራ። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብረት በደቂቃ 380 ዙር ቢሽከረከር፣ በስለቱ ፊት በየደቂቃው 30 ሜትር ያህል ብረት ያልፋል። ፍቅፋቂው ሲወጣ ስለሚወፍር ያጥራል፤ እስከ ሲሶው ቢያጥር እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ሜትር የሚሆን፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሆነ የጋለ ክር አጠገብዎ ተጠቅልሏል ማለት ነው። ክሩ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሲየስ ደርሶ ነበር። ይህ ክር በሚሽከረከረው ቸክ ከተያዘ እንደ ጅራፍ ይገርፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ክሩን ገና ሲወለድ መስበር ነው። እንዲህ ያድርጉ።

ስለቱ በእያንዳንዱ ዙር የሚራመደውን ርቀት ይጨምሩ። ጀማሪ ሰው ይፈራና በዙር 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ያስኬደዋል። ሥራው ያማረ ይመስለዋል፤ የሚያመርተው ግን ፀጉር ነው። ወደ 0.15 ወይም 0.2 ሲያደርሱት፣ ጥልቀቱንም ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ሲያስጠጉ፣ ፍቅፋቂው ይወፍርና መጠምዘዝ ያቅተዋል፤ «6» እና «9» ቁጥርን እየመሰለ ይሰበራል። ትንሿ ቶርኖዎ ይህን ያህል ካልቻለች ጥልቀቱን ይቀንሱ እንጂ እርምጃውን ቶሎ አይቀንሱ።

ስለትዎ በግራይንደር የሚሳል ዓይነት ከሆነ፣ ከጠርዙ ጀርባ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላት ቦይ በድንጋዩ ማዕዘን ይቦርቡሩለት። ፍቅፋቂው እዚያ ቦይ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ሲታጠፍ ይሰበራል። ተገዝተው የሚገጠሙት የካርባይድ ስለቶች ይህ ቦይ አብሯቸው ተሠርቶ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ግን በቀጭን ስለሚቆርጥ ፍቅፋቂው ቦዩ ጋ ሳይደርስ ያመልጣል። ከዚያ «ስለቱ የማይረባ ነው» ይባላል። የማይረባው ፍርሃታችን ነው።

ይህ ሁሉ እምቢ ካለ፣ እርምጃውን ለዓይን ቅጽበት ያህል ያቁሙና እንደገና ይቀጥሉ። ክሩ እዚያ ላይ ይበጠሳል። በትራፓኖም ያው ነው፤ ፑንታው የራሱን ውፍረት ያህል በገባ ቁጥር ብድግ እያደረጉ ይብሱት። ሁለት ረጃጅም የጋሉ ክሮች ከፑንታው ጋር እየዞሩ ጣትዎን እንዲፈልጉ አይተዉአቸው።

እጅ፣ እጅጌና ጓንት

ክሩን በእጅ አይንኩ። ማሽኑ ሲዞርማ በምንም መንገድ። መጀመሪያ ያጥፉ፣ እስኪቆም ይጠብቁ፣ ከዚያ በመሳቢያ ይሳቡት። መሳቢያውን ራስዎ ይሥሩት፤ 40 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የ6 ፌሮ ቁራጭ ጫፏን እንደ ኩርባ ጣት ማጠፍ፣ በሌላው በኩል የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ መሰካት ነው። እጀታውን ግን እንደ ቀለበት ጠምዝዘው ጣት የሚገባበት እንዳያደርጉት። ክሩ በቸክ ተይዞ መሳቢያውን ቢጎትት፣ እጀታው ከእጅዎ ሾልኮ መሄድ አለበት። ቀለበት ከሆነ ጣትዎን ይዞ ይሄዳል።

ስለ ጓንት ሁልጊዜ ክርክር አለ። ፍቅፋቂ ስለሚቆርጥ ጓንት መልበስ ተገቢ ይመስላል፤ የሚዞር ማሽን አጠገብ ግን ጓንት ራሱ ወጥመድ ነው። የጓንቱን ጫፍ የያዘ ቸክ እጁንም ክንዱንም ይስባል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ሲዞር ባዶ እጅ፣ ማሽኑ ቆሞ ፍቅፋቂ ሲታፈስ ወፍራም የቆዳ ጓንት። እጅጌ እስከ ክርን ይጠቀለል፤ የአንገት ሐብል፣ ቀለበት፣ ሰዓት ይውለቅ። በብርድ ጠዋት ነጠላ ወይም ጋቢ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ቶርኖ አጠገብ የሚቆም ሰው አይቻለሁ፤ የአንገቱ ልብስ ጫፍ ወደ ቸኩ ሲወዛወዝ ማየት የምመኝላችሁ ነገር አይደለም።

መነጽሩን ከበሩ አጠገብ በሚስማር ይስቀሉት። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መነጽር የማይለበስ መነጽር ነው።

ጊዛ ለብቻው ነው

ጊዛ ሲቆረጥ ክር ስለሌለው ንጹሕ ሥራ ይመስላል። ለማሽኑ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ዱቄቱ ጥቁር፣ ደቃቅና ፈጪ ነው፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ቫልቭ የሚፈጩበትን ዓይነት ልቁጥ ይሆናል። ያ ልቁጥ በቶርኖው ሐዲድና በጋሪው መካከል ከገባ፣ ጋሪው በተመላለሰ ቁጥር ሐዲዱን ይፈጫል። ከጊዜ በኋላ ማሽኑ መሐል ላይ ጎድጎድ ይልና ቀጥ ያለ ነገር መቁረጥ ያቅተዋል።

ስለዚህ የፍሬን ከበሮ ወይም የድሮ ሞተር ክፍል ከማሰርዎ በፊት ሐዲዱን በደረቅ ጨርቅ ከዘይት ያጽዱት። ጊዛ በደረቁ ይቆረጣል፤ ዘይትም ውኃም አይፈልግም። ከሥራው ሥር ወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ያንጥፉና ዳርና ዳሩን በማግኔት ይያዙት። ጨርቅ አያንጥፉ፤ ቸክ ጨርቅ ይወዳል። ሲጨርሱ ካርቶኑን ከነዱቄቱ አጥፈው ያውጡ፣ የቀረውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ሐዲዱን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይወልውሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አዲስ ዘይት ይቀቡ። አፍና አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ። አለበለዚያ ማታ መሐረብዎ ላይ የሚያዩት ጥቁር ነገር እሱ ነው።

የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ማዘጋጀት

የተሰበረ ፍቅፋቂ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወድቃል። ከሥሩ ምን ያገኛል? በብዙዎቻችን ቤት የሚያገኘው መደርደሪያ፣ የተከፈተ የብሎን ጣሳ፣ የድሮ ገመድና የተረሳ ጫማ ነው። ከቶርኖው ሥር ያለውን ሁሉ ያውጡ። በምትኩ ከላሜራ የተሠራ፣ ጠርዙ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የቆመ ትሪ ያስገቡ፤ እንደ ዳቦ ቤት ትሪ የሚሳብ ቢሆን ደስ ይላል። ከኋላ ደግሞ ከትሪው ጀምሮ ከቸኩ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚል ላሜራ ያቁሙ። ግድግዳው ከዘይት ይድናል፤ የናሱም መርፌ ነጥሮ ተመልሶ ትሪው ላይ ይወድቃል። ላሜራውን ነጭ ቀለም ቢቀቡት ብርሃን ይጨምርልዎታል።

ማሽኑን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው አያስቀምጡ። መጥረጊያና እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። እኔ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ አጣብቄው ኖሬ፣ በመጨረሻ ሳስነሣው ከኋላው ያገኘሁት የዝገት ክምር አንድ ጆንያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

ማብሪያ ማጥፊያውና ሶኬቱ ፍቅፋቂ በሚረጭበት አቅጣጫ እንዳይሆኑ። ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በሶኬት ቀዳዳ ውስጥ የገባች አንዲት ክር ማሽኑን ሙሉ ልታስነዝር ትችላለች። ቦታ መቀየር ካልተቻለ ክዳን ያለው ሶኬት ያስገጥሙ፤ የመሬት መስመሩንም በዚያው ያስፈትሹ።

ግራይንደሩን ከቶርኖው ያርቁት። ቢቻል ከክፍሉ ውጭ፣ በረንዳ ላይ ያድርጉት። ከድንጋዩ የሚረግፈው ብናኝ ለሐዲድ ከጊዛም የባሰ ነው። አሉሚኒየምንም በተለመደው የግራይንደር ድንጋይ አይሳሉ፤ ድንጋዩን ይደፍነዋል፣ የተደፈነ ድንጋይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚህም ሌላ የአሉሚኒየም ብናኝና የዝገት ዱቄት አንድ ላይ ተጠራቅመው ፍንጣሪ ካገኙ ኃይለኛ እሳት ያነሣሉ።

ኮምፕሬሰሩን ይርሱት

ይህን ስል ቅር የሚላቸው ወዳጆች አሉኝ። ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ሁሉ ፍቅፋቂን በአየር መንፋት ይወዳል፤ በአምስት ሰከንድ ማሽኑ ይጸዳል። ፍቅፋቂው ግን የትም አልጠፋም። ከላይ ካለበት ቦታ ተነሥቶ በጋሪው ሥር፣ በኩሽኔታው ውስጥ፣ በሶኬቱ ቀዳዳ፣ በዓይንዎ ውስጥ ገባ። መጥረግ ይቻል የነበረውን ነገር መጥረግ ወደማይቻልበት አስገቡት። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ በአየር ማጽዳትን ከ30 ፒኤስአይ በታች፣ ያውም መከላከያና መነጽር ካለ ብቻ ነው የሚፈቅደው። የቤት ኮምፕሬሰር ግን ከ100 በላይ ይይዛል። ልብስና ሰውነት ላይ ያለን ፍቅፋቂ በአየር ማራገፍማ ፈጽሞ አይሞከር።

የቤቱን ቫኪዩም ክሊነርም ከዚህ ሥራ ነፃ ያውጡት። የጋለ ፍቅፋቂ ከረጢቱን ያቃጥላል፤ ክሩ ቱቦው ውስጥ እንደ ወፍ ጎጆ ይቆላለፋል።

የሚያስፈልግዎ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ የቀጠነ እንጨት፣ ቆሻሻ ማፈሻና ጨርቅ ነው።

ማታ፣ ከላይ ወደ ታች

ከሥራ በኋላ ሩብ ሰዓት ይመድቡ። ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ከላይ ይጀምሩ፤ የላይኛውን መብራት፣ የኋላውን ላሜራ፣ ቸኩን፣ ጋሪውን፣ ሐዲዱን፣ ትሪውን፣ በመጨረሻ ወለሉን። ከታች የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠርጋል።

በብሩሹ ሁልጊዜ ከቸኩ ወደ ውጭ ይጥረጉ። ጋሪውን ወደ አንድ ጫፍ ወስደው ሥሩ የነበረውን ሐዲድ ይጥረጉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ወስደው ይድገሙ። ጋሪውን የሚነዳው ረጅም ጥርሳም ዘንግ ውስጥ የገባውን ለማውጣት አንድ ወፍራም ክር ዘንጉ ላይ አንድ ዙር ጠምጥመው በሁለት እጅ እየሳቡ ጥርሱን ተከትለው ይሂዱ። ይህን የሚያደርጉት ዘንጉ ቆሞ ነው፤ እየዞረ በጨርቅ ወይም በክር ማጽዳት ጣት ያስቆርጣል። በጋሪው ጫፎች ላይ ያሉትን የሱፍ መጥረጊያዎች በየጥቂት ወሩ አውጥተው በነጭ ጋዝ ይጠቧቸው። ፍቅፋቂ የጠጣ ሱፍ ሐዲዱን ከመጥረግ ይልቅ ይሞርደዋል።

ቸኩ በሆነ ቀን ጥርሱ ይከብዳል፤ ሲያዞሩት ይንቋቋል። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ጎድጎድ ፍቅፋቂ ጠጥቷል ማለት ነው። ሦስቱን መንጋጋዎች ያውጡ፤ እያንዳንዳቸው ላይ 1፣ 2 እና 3 የሚል ቁጥር አለ፤ የገቡበትም ቦታ እንዲሁ። በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አጥበው በቁጥራቸው ተራ ይመልሱ። ተራው ከተዛባ ቸኩ መሐል መያዝ ይተዋል፤ ከዚያ ጥፋቱን ኩሽኔታው ላይ እያላከኩ ብዙ ቀን መድከም ይመጣል።

ከዚያ ዘይት። ስስ አድርገው ሐዲዱን ይቀቡ። በተለይ በክረምት ይህን ሳያደርጉ መተኛት የለም። በውኃ የሚበጠበጥ መቁረጫ ዘይት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ፣ የራሰ ፍቅፋቂ ሐዲድ ላይ ካደረ ጠዋት ከሥሩ የራሱን ቅርጽ የያዘ የዝገት ምልክት ያገኛሉ። ስለ ብጥብጡ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙውን ጊዜ አንድ እጅ ዘይት ለሃያ እጅ ውኃ ነው፤ ዘይቱን ውኃው ላይ ያፍስሱ እንጂ ውኃውን ዘይቱ ላይ አያፍስሱ።

የኑግ ዘይት ወይም ሌላ የወጥ ቤት ዘይት ማሽን ላይ አይቀቡ። ኑግ አየር ሲያገኝ ይደርቅና እንደ ቫርኒሽ ይጣበቃል፤ ፍቅፋቂውንም አብሮ ያጣብቀዋል።

ወለሉን ለመጥረግ ጥቂት ረጠብ ያለ ሰጋቱራ ይበትኑና ከዚያ ይጥረጉ። ብናኙ አይነሣም፤ የፈሰሰው ዘይትም ይመጠጣል። ሰጋቱራውን ግን ማሽኑ ሥር አያሳድሩት።

የቀሩትን ደቃቆች በማግኔት ይልቀሙ። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ክብ ማግኔት ይበቃል። ራቁቱን ከተጠቀሙበት ዱቄቱ ተጣብቆ አይለቅም፤ ስለዚህ በፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጡት። ጣሳውን ወለሉ ላይ ያንሸራትቱ፣ ከማጠራቀሚያው በላይ ያድርጉና ማግኔቱን ከጣሳው ያውጡ፤ ፍቅፋቂው ይረግፋል። ማግኔት ተራ ብረትንና ጊዛን ይለቅማል። አሉሚኒየም፣ ናስ፣ መዳብና አብዛኛው ስቴንለስ ግን አይነኩትም፤ እነሱን ካልጠረጉ እዚያው ናቸው።

የቮልስ ሞተር ሲመጣ

አንድ ቀን ጎረቤትዎ የቮልስ ሞተር ቤት ይዞ ይመጣል። የአንዱ ብሎን ጥርስ ተበልቷል፤ «ብሳልኝና ቡሽ አግባበት» ይልዎታል። አሉሚኒየም ይመስላል። አሉሚኒየም አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዘው የአሮጌው ቮልስ ሞተር ቤት በአብዛኛው የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ የማግኒዚየም ፍቅፋቂ ደግሞ ይነዳል።

ከተጠራጠሩ እንዲህ ይለዩት። ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በሲሶ ያህል ይቀላል። አንድ የማይታይ ጥግ በሞረድ ፋቅ አድርገው አንድ ጠብታ አቼቶ ይጣሉበት፤ ማግኒዚየም ወዲያው አረፋ ይደፍቃል፣ አሉሚኒየም ዝም ይላል።

ማግኒዚየም ከሆነ፣ ስለቱ የተሳለ ይሁን፣ ፍቅፋቂው ወፈር ብሎ ይውጣ፣ በውኃ የተበጠበጠ ዘይት አይጠቀሙ፣ በመሐል እያቆሙ የወጣውን ይጥረጉ። ግራይንደር አጠገብ አይሥሩ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ክዳን አድርገውለት አጠገብዎ ያስቀምጡ። እሳት ከተነሣ አሸዋውን በላዩ ቀስ ብለው ያልብሱት። ውኃ አይድፉ፤ የሚነድ ማግኒዚየም ከውኃው ሃይድሮጂን አውጥቶ ይብስበታል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሠራም፤ በእሱ ውስጥም ይነዳል። ፍቅፋቂውን ከሌላው ጋር ሳይቀላቅሉ በደረቅ የብረት ጣሳ ከድነው ከቤት ውጭ ያኑሩት።

እሳት ካነሣን፣ ስለ ጨርቅም እንጨርስ። ተራ የማሽን ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ አይነሣም፤ የተልባ ዘይት የነካው ግን ተጨብጦ ጥግ ከተወረወረ ቀስ በቀስ ከውስጥ እየሞቀ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። እንጨትም ብረትም በአንድ ክፍል የሚሠሩ ከሆነ የዘይት ጨርቆችን ውጭ በገመድ ላይ አንድ በአንድ ዘርግተው ያድርቁ።

ደፉ ላይ

አሁን ወደዚያች ሰማያዊ ቁራጭ ተመልሰናል። ፍቅፋቂ ወደ ቤት የሚገባው በሦስት መንገድ ነው፤ በሶል፣ በልብስ፣ በፀጉር።

የሥራ ጫማዎ ከሥራ ቤቱ ደፍ አይለፍ። ከበሩ ውጭ አንድ ሳጥን ያስቀምጡ፤ ሲገቡ የሥራውን ይልበሱ፣ ሲወጡ እዚያው ያውልቁ። ሶሉ ጎድጓዳ ያልሆነ ቢመርጡ ጥሩ ነው፤ የተሰካውንም በሳምንት አንድ ቀን በወረንጦ ይልቀሙለት። ደፉ ላይ የቆየ ሻካራ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ግን ሲያራግፉት ልጆች ከሚጫወቱበት ያርቁ። ይህን ካደረግሁ በኋላ ቤት ውስጥ ፍቅፋቂ የተገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ስልክ ጠርቶኝ ከነጫማዬ ሮጬ የገባሁ ቀን።

ቱታው ኪስ ባይኖረው ይመረጣል፤ የሱሪው ጫፍም አይታጠፍ። ውጭ ያራግፉት እንጂ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይዘፍዝፉት። ጋቢ ውስጥ የገባች የናስ መርፌ ከጥጡ ጋር ትጣበቅና ማንም አያገኛትም፤ ሌሊት ላይ አንገት ታገኛለች። በእጅ ለሚያጥብልዎ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የጣት ነው።

እሾኋ ከገባች፣ በብርሃን ፊት በማጉያ መስተዋት እያዩ በንጹሕ ወረንጦ በገባችበት አቅጣጫ ይሳቧት፣ በሳሙና ይታጠቡ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎ 10 ዓመት ካለፈው ያሳድሱት። ዓይን ከሆነ ግን ሌላ ነው። አይሹት። በንጹሕ ውኃ በብዛት ይጠቡት፤ ካልወጣ ራስዎ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ማግኔትም አያስጠጉበት። ብረት ዓይን ላይ በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራልና «ነገ ይለቀኛል» አይባልም። ከግራይንደር ወይም ከመዶሻ በኃይል ተፈናጥሮ የገባ ከሆነ ማጠቡም ይቅር፤ ሳይጫኑት በፕላስቲክ ስኒ ከልለው በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ላሉ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። ለሐኪሙም ብረት መሆኑን ይንገሩ። ከዓመታት በኋላ እንኳ ለኤምአርአይ ምርመራ ቢታዘዙ ይህን አይርሱ፤ የማሽኑ ማግኔት ዓይን ውስጥ የቀረችን ብረት ሊያንቀሳቅሳት ይችላል።

የመጨረሻው ሚዛን

ፍቅፋቂን ከወጥ ቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉ። የሰፈሩን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ማዳበሪያውን በእጃቸው ጨብጠው፣ በጀርባቸው አዝለው ነው የሚሄዱት። የተጠቀምንበት ዘይትም ቱቦ ውስጥ ወይም ጓሮ አይደፋም። ፍቅፋቂውን በወንፊት ላይ ያሳድሩት፤ የሚንጠባጠበው ዘይት በጄሪካን ይጠራቀም። ሁለት ሦስት ቀን ሲረጋ ከላይ ያለው ንጹሑ እንደገና ለመቁረጫ ያገለግላል፤ ለሐዲድ ግን አይሆንም።

አራት ዕቃ ያዘጋጁ፤ ለተራ ብረት፣ ለጊዛ፣ ለአሉሚኒየም፣ ለናስና ለመዳብ። በላያቸው ይጻፉባቸው። ናስና መዳብ ከብረት እጅግ የተሻለ ዋጋ አላቸው፤ ከተቀላቀሉ ግን ሁሉም በብረት ዋጋ ይሄዳሉ። ከአሉሚኒየም ወደ ብረት ሲሸጋገሩ ትሪውን መጀመሪያ ያፍሱ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በጆንያ ሲሞሉ ከሥር አሮጌ ካርቶን ያድርጉ፤ ራቁቱን ጆንያ ፍቅፋቂው ይበሳዋል።

የእኛን ሰፈር የሚዞረው ቁራሌው ጆንያውን ሚዛን ላይ ከማውጣቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል፤ በጫማው ይረግጠዋል። ክር የሞላበት ከሆነ እንደ ፍራሽ ወርዶ ተመልሶ ይነሣል። ያኔ ፊቱን ያጨማድድና «ይሄ አየር ነው» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል፤ ሁለት ቀን የሠራሁበት ጆንያ ተሸክሞት ሲሄድ ከላይ ከላይ ይንሳፈፋል። ባለፈው የሰጠሁት ጆንያ ሲረገጥ አልተነሣም። ጎንበስ ብሎ አፉን ፈታና አየ፤ ሙሉ በሙሉ «6» እና «9» ነበር።